የማንም ያልነበረ ሰንጋ

ባለፈው አረፋ ካራዬን ለሰው አስረከብኩ። እዚህ ካምፓላ፣ ኪሱጉ ሰፈር ያለው ጎረቤታችን በግ ተጋድሞ፣ እግሩ ተይዞ፣ ሁሉም "ቢስሚላህ" እስክል ሲጠብቅ ቀኝ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በእኛ ወግ ካራው አንዴ ካረፈ ሳይነሳ መጨረስ አለበት፤ እንስሳውን ማሰቃየት ሐራም ነው። በዚህ እጅ አልሞክረውም አልኩና አጠገቤ ለቆመው ጎልማሳ ሰጠሁት። ሰዉ "ሰይድ አረጀ" አለ። እውነት ነው፣ አርጅቻለሁ። ግን እጄን የሚያንቀጠቅጠው እርጅና ብቻ እንዳልሆነ ባለቤቴ ዘሀራ ታውቃለች። ከአንድ የግብዣ ቀን ወዲህ የመጣ ነው። ስለዚያ ቀን ለመጻፍ እስካሁን ድፍረት አልነበረኝም፤ አሁንም ያን ያህል የለኝም። ፈሪ ሰው ነኝ፤ አስቀድሜ ልናገረውና ይለይልኝ።

ከወሎ የወጣሁት በወጣትነቴ ነው። ካምፓላ ስደርስ በደንብ የማውቀው ሥራ አባቴ ያስተማረኝን ማረድና መግፈፍ ብቻ ነበር። ለእንግዳ ሰው ግን ማን ካራ ያስይዛል? ካባላጋላ በሚባል ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ድስት አጠብኩ፤ ከዚያ ለአንድ የጅማ ነጋዴ ጆንያ ተሸከምኩ። ምሳዬ ከመንገድ ዳር የምገዛው ሮሌክስ ነበር፤ በቻፓቲ የተጠቀለለ እንቁላል ሆድ ይይዛል። በመጨረሻ ከናሙዎንጎ በታች፣ ፋብሪካዎቹ አጠገብ፣ አንዲት ትንሽ ቄራ ያላቸው ሀጂ የሚባሉ ኡጋንዳዊ ሽማግሌ ቀጠሩኝ። ሀጂ ደግ አለቃ ነበሩ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን ሲደርስ ብቻ ትንሽ ይረሱ ነበር። ሲያስታውሱ ጥቂት ብር፣ ሲረሱ ደግሞ የበሬ ጭንቅላት ይዤ ወደ ቤት እገባ ነበር።

ሐበሻ የትም ቢሰደድ ሁለት ቄራ ይዞ ነው የሚሰደደው። የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ እንዳይነካካ ሀጂ ግቢያቸውን በቆርቆሮ ከፍለው ግማሹን ለእኔ፣ ግማሹን ለጋሽ ተስፋዬ ሰጡ። ጋሽ ተስፋዬ ከእኔ በፊት ካምፓላ የገቡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲስቁ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ነበሩ። እሳቸው ወደ ምሥራቅ ዞረው በስመ አብ ብለው ያርዳሉ፤ እኔ ወደ ቂብላ ዞሬ ቢስሚላህ ብዬ። ከኮሎሎ ትልልቅ ምግብ ቤቶች ጀምሮ እስከ ናሙዎንጎ ጠባብ ቤቶች ድረስ ሥጋ የሚገዛን ሐበሻ የሚጠይቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፦ "በማን እጅ ነው?" "በሰይድ" ወይም "በተስፋዬ" ከተባለ ሌላ ነገር አይጠይቅም፤ ከፍሎ ይሄዳል። ስናርድ ያየ የለም፣ ስንባርክ የሰማ የለም። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ነገር ያስደስተኝ ነበር፤ እያደር ግን ያስፈራኝ ጀመር። ያ ሁሉ ሰው ያለ ጥርጥር የሚጎርሰው እኔን አምኖ ነው።

ማረዱን ከአባቴ ብማርም አራጅነትን የተማርኩት ከጋሽ ተስፋዬ ነው። ካራቸውን እንስሳው በሚያይበት ቦታ ሞርደው አያውቁም። በሬው ከመኪና እንደወረደ ውሃ አጠጥተው፣ ጥላ አስይዘው ያሳርፉታል፤ የተደናገጠ ከብት ደሙ በደንብ አይወርድም ይላሉ። አንዱን ሌላው እያየ አያርዱም። ካራ ከያዙበት ሰዓት ጀምሮ የከብቱ እግር መወራጨቱን እስኪያቆም ቃል አይናገሩም፤ አንድ ቀን ሀጂ ራሳቸው በሉጋንዳ ቋንቋ ቢጮሁባቸው ዞር ብለው አላዩም። ከዚያ ብልት እያወጡ ሥጋውን በአውራ ጣታቸው ይጫኑታል። "ሰይዶ፣ ደሙ የወረደ ሥጋ ሲጫኑት ይመለሳል፤ ያልወረደለት ደም ያለቅሳል" ይሉኝ ነበር። ወለሉን የሚያጥቡት ራሳቸው ናቸው። የእሳቸው ጎን ሁልጊዜ እንደ መስጊድ ምንጣፍ የጸዳ ነበር፤ እኔ በዚህ እቀና ነበር።

በመካከላችን አንድ ያልተጻፈ ሕግ ነበረን። ዕቃ በጋራ ስንጠቀም፣ ሻይ አብረን ስንጠጣ፣ ስለ ልጆቻችን ስናወራ ብንውልም የእሳቸው ሥጋ የተሰቀለበትን እኔ ጠጋ ብዬ አላይም፤ እሳቸውም የእኔን አያዩም። ይህን ጠላትነት የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገሩ ግን መከባበር ነው። የሰው ማዕድ ላይ ዓይንህን አታሳርፍም፤ በቃ። ዕድሜ ልኬን ጥሩ ነገር ብዬ የያዝኩት ይህ ልማድ ነው በኋላ ጉድ የሠራን።

ካምፓላ ያለነው ሐበሾች ያቋቋምነው የማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ዳምጠው ይባላል። አንቱ የምለው ፊት ለፊቱ ብቻ ነው። ኮሎሎ የኤምባሲ ሰዎች የሚበሉበት ምግብ ቤት አለው፤ ፖሊስ ጣቢያ ሲገባ ወንበር ይሰጠዋል። ሰው ሲታሰር ያስፈታል፣ ሰው ሲሞት ያስቀብራል፣ የስደተኛ ወረቀት ያለቀበትን ያሳድስለታል። ያልረዳው ሰው የለም፤ ስለዚህ በእጁ ያልያዘው ሰውም የለም። የጋሽ ተስፋዬ ልጅ ቤቲ እሱ ምግብ ቤት ትሠራ ነበር። ወረቀቷን "ላሳድስልሽ" ብሎ ከወሰደ ከርሟል።

የማኅበሩ ምርጫ በደረሰበት ዓመት አቶ ዳምጠው ለሁሉም ግብዣ ደገሰ፤ ኪሱጉ ሰፊ ግቢ ተከራይቶ፣ ምሳ ይበላል፣ ከምሳ በኋላ ምርጫ ይደረጋል ተባለ። እኔ ለእስላሙ ጠረጴዛ በሬ፣ ጋሽ ተስፋዬ ለክርስቲያኑ ፍየሎች እንድናርድ ታዘዝን። በዋዜማው ጠዋት ቄራው ስገባ በሁለታችን ድንበር ላይ፣ የጋራ በሆነው መንጠቆ፣ በሸራ የተሸፈነ ትልቅ ሰንጋ ተገፎ ተሰቅሏል። አቶ ዳምጠው ራሱ አጠገቡ ቆሟል።

"ሰይድ፣ ይሄን እንዳትነካው። የጋሽ ተስፋዬ ነው፤ ፍየሉ አይበቃም ብዬ በጠዋት አሳረድኳቸው" አለኝ።

"እንዴት አድርጌ እነካዋለሁ? የእርሳቸው ከሆነ የእርሳቸው ነው" አልኩት።

ዓይኔን ሰብሬ አለፍኩ። ስሄድ ከሥሩ ያለው ወለል ደረቅ መሆኑን አይቻለሁ። አንዲት የደም ጠብታ የለም። ጋሽ ተስፋዬ አጥበውት ነው አልኩ በልቤ፤ መቼም እሳቸው ናቸው። ወደ ራሴ በሬ ሄድኩና ሥራዬን ሠራሁ።

በማግስቱ ኪሱጉ ግቢ ውስጥ ከውሃው በርሜል አጠገብ እጃችንን እየታጠብን ነበር። ጠረጴዛዎቹ ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል፤ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ የድምፅ ማጉያው ይንጫጫል። ጋሽ ተስፋዬ እንዲሁ ጨዋታ ለመጀመር ያህል፣

"ሰይዶ፣ ሁለት በሬ በአንድ ቀን ከበደህ አይደል? ማን ገፈፈልህ?" አሉኝ።

"የምን ሁለት? እኔ ያረድኩት አንድ ነው።"

"ያ ሸራ የለበሰውስ?"

"የእርስዎ አይደለም እንዴ?"

እጃቸው ውሃው ውስጥ ቀረ። ለእኔ የእሳቸው ነው የተባለው ሰንጋ ለእሳቸው የእኔ ነው ተብሏል። እኔም ስለማከብራቸው አላየሁትም፤ እሳቸውም ስለሚያከብሩኝ አላዩትም። ሁለት አራጅ ባለበት ግቢ ውስጥ ታርዶ እንደሆነ አንገቱን ያየ ሰው አልነበረም።

ጋሽ ተስፋዬ ወደ ክርስቲያኖቹ ወጥ ሠሪዎች ድንኳን ገቡ። እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ገና ያልተከተፈ ታፋ ከቅርጫት አንስተው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት። ሥጋው እንደ ጉበት ጠቁሯል፤ ከጣታቸው ሥር ወፍራም ደም ወጣ። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወደ እኔ መጡ።

"በክት ነው" አሉ።

ሰንጋው ከኡጋንዳ ምዕራብ በጭነት መኪና ሲመጣ መንገድ ላይ መሞቱን ኋላ ከሾፌሩ ሰምተናል። በምን እንደሞተ ግን ማንም አያውቅም፤ አባ ሰንጋ ይሁን፣ ሙቀት ይሁን፣ ሌላ በሽታ ይሁን። በሁለታችንም ሃይማኖት እንዲህ ያለ ሥጋ ከአፍ አይደርስም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ አራስ አለች፣ ሕፃን አለ፣ ከሐኪም ቤት የወጣ ሰው አለ። የፈራሁት ርኩሰቱን ብቻ አልነበረም፤ ሰው ይሞታል ብዬ ነው።

"እንናገር" አልኩ።

"እኔ እናገራለሁ። ጠረጴዛው የእኔ ነው። አንተ እንዳትገባበት ሰይዶ፤ እስላም ስለ ክርስቲያን ሥጋ አፉን ከከፈተ ነገሩ መልኩን ይቀይራል። እኔ አልቀምስም፤ ለምን እንደማልቀምስም እነግራቸዋለሁ።"

በማኅበራችን ግብዣ አራጁ ቆሞ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይቀምስ ማንም እጁን አይሰድም። ስለዚህ እውነት የተናገሩት ጋሽ ተስፋዬ መሆን ነበረባቸው። እፎይ ማለቴን አልደብቅም፤ ሸክሙን ሰው ሲያነሳልኝ ደስ አለኝ።

ያን ጊዜ አቶ ዳምጠው ከኋላችን መጣ። ጋሽ ተስፋዬ ከድንኳኑ ሲወጡ አይቶ ኖሯል። ክንዱን ጋሽ ተስፋዬ ትከሻ ላይ ጣል አደረገ።

"ጋሼ፣ ቤቲን ዛሬ አላመጣኋትም፣ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ኮሎሎ ቀረች። ፖሊሶቹ ደግሞ ሰሞኑን በዚያ በኩል ወረቀት እያዩ ነው አሉ። የእሷ እኔ ጋ ነው፤ አይዞዎት፣ አይጠፋም። በሉ፣ ሰዉ እርቦታል፤ ይቅመሱልን" አለ።

እያሳቀቀ አልነበረም የተናገረው፤ እየሳቀ ነው። የጋሽ ተስፋዬ አንገት ሥር ያለው ጅማት ሲመታ አየሁት።

መጀመሪያ እኔ የእኛን ሥጋ ቀመስኩ፤ የእኛ ሰዎች መብላት ጀመሩ። ከዚያ ጋሽ ተስፋዬ ተጠሩ። ሄደው በጠረጴዛው ራስ ቆሙ፤ እንጀራ ቆረሱ፤ ሥጋውን ጠቀለሉበት። ሁሉም ያያቸዋል። አንዲት እናት ጭኗ ላይ ላለችው ልጅ ጉርሻ ጠቅልላ ትጠብቃለች። እኔም እጠብቃለሁ። አሁን ይናገራሉ፣ አሁን ይናገራሉ እላለሁ። አይናገሩም። ጉርሻውን ይዘው እንደቆሙ ናቸው።

እንዴት ከወንበሬ እንደተነሳሁ አላውቅም።

"አትብሉ!" ብዬ ጮኽኩ። "ያ ሥጋ አልታረደም! እኔም አላረድኩት፣ እሳቸውም አላረዱት! በክት ነው!"

ሹካ የወደቀ መሰለኝ። የእኛው ጎን ሽማግሌ ኮቴን ከኋላ ይዘው "ተቀመጥ ሰይድ፣ ታስጨርሰናለህ እንዴ" እያሉ ይጎትቱኛል። አቶ ዳምጠው ግን አልደነገጠም። ማጉያውን አንስቶ በለሰለሰ ድምፅ፣

"ወገኖቼ፣ ወንድማችን ሰይድ ከራሱ ጠረጴዛ ጠግቦ በልቷል። ታዲያ የክርስቲያኑን ማዕድ ሊያረክስ ለምን ተነሳ? አገራችንን ያየ ሰው ይህ ነገር ወዴት እንደሚወስድ ያውቃል። እዚህ በሰው አገር፣ በእምነት መሃል እሳት ሊለኩስብን ነው?" አለ።

ዓይኖች ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አብሬአቸው ሻይ የጠጣሁ፣ ለልጆቻቸው ክርስትና በግ የነዳሁላቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ከመቀመጫው ብድግ ብሏል። በዕድሜዬ ብዙ በሬ ጥዬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ቀን ግን የለም። ሊመቱኝ ነው ብዬ ብቻ አይደለም የፈራሁት። በእኔ ጩኸት የተነሳ የእኛና የእነሱ ሰዎች እዚያው ግቢ ውስጥ ቢያያዙስ ብዬ ነው።

"መቼም አራጁ እዚህ አሉ" አለ አቶ ዳምጠው። "ለምን እንከራከራለን? ጋሽ ተስፋዬ ይንገሩን።"

ጋሽ ተስፋዬ አዩኝ። ዓይናቸው ልክ ለመታረድ እንደቀረበ ከብት ሆኖ ነበር፤ ይህን ማለት ይከብደኛል፣ ግን እንደዚያ ነበር። አማተቡና ጎረሱ። ሲያላምጡ አየሁ። ሲውጡ አየሁ።

"ብሉ" አሉ።

ሰዉም በላ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ዘሀራ በር ዘግታ አሳለፈቻቸው። ልጅ ሆስፒታል ገባ፣ ሰው ወደቀ የሚል ወሬ እጠብቅ ነበር። ማንም አልታመመም። ሆዱን የቆረጠው እንኳ የለም። በሁለተኛው ቀን ይሁን በሦስተኛው አንድ ነገር በራሴ ላይ ያዝኩ፤ አንድ ሰው በታመመ ብዬ እየተመኘሁ ነበር። እውነቴን እንዲያምኑልኝ የሰው ልጅ እንዲታመም የምመኝ ሰው ሆኜ ተገኘሁ። ከአቶ ዳምጠው ይልቅ ያን ቀን ራሴን ፈራሁ።

አቶ ዳምጠው ተመረጠ። መኪናው አንዳንድ ጊዜ ከሰፈራችን መግቢያ ላይ ሞተሯ ሳይጠፋ ትቆማለች፤ ማንም አይወርድም። አንድ ቀን ከቄራ ስመለስ ሁለት ሰዎች በቦዳ ሞተር ብስክሌት ተከትለውኝ መጥተው "ሃይማኖት የሚያጋጭ ሰው ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ አይደል?" ብለውኝ ሄዱ። ዘሀራ አልጋችንን ከመስኮቱ አራቀችው። ምግብ ቤቶቹ አንድ በአንድ ከእኔ መግዛት ተዉ፤ እስላሞቹም ጭምር፣ "ሰይድ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ነገር ይወዳል" እያሉ። ያላባረሩኝ ሀጂ ብቻ ነበሩ። ነገሩን ስነግራቸው ብዙ አዳምጠው "አንገቱን ሳታይ ምንም እንዳታልፍ" ብቻ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የማንም ይሁን የማን፣ ሸራ ለብሶ የተሰቀለ ሁሉ ገልጬ አያለሁ። ሰው ቅር ይለዋል። ይበለው።

ጋሽ ተስፋዬ በዚያው በግብዣው ሳምንት ቄራ መጡ። ካራዎቻቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ። ልቆጣቸው አስቤ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አንጀቴን በሉትና ተውኩት።

"ሰይዶ፣ ይሄ እጅ ከእንግዲህ አይባርክም" አሉኝ።

"ስለ ቤቲ ብለው ነው፤ አውቃለሁ" አልኳቸው።

"አውቀህ ምን ልታደርግልኝ?" ብለው ወጡ። ቤቲ ወረቀቷን አገኘች፤ ቆይታም ወደ ሌላ አገር ሄደች። እኛ ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሳንም።

ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጋሽ ተስፋዬ ሥጋ አልቀመሱም። ጾም ይፈታል፣ እሳቸው ሽሮ ይበላሉ፤ ሠርግ ይመጣል፣ ጎመን ይበላሉ። ሰዉ መጀመሪያ ታመው ነው አለ፤ ቆይቶ ጾመኛ ናቸው አለ፤ በመጨረሻ "የበቁ ሰው ናቸው" ማለት ጀመረ። ሴቶች ልጆቻቸውን እየያዙ እንዲመርቁላቸው ይሄዳሉ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ ይደብቃሉ፤ ይህም እንደ ትሕትና ይቆጠርላቸዋል።

አረፋው ካለፈ በኋላ ማኅበሩ የሽማግሌዎች ምርጫ አደረገ፤ ጠብ የሚያስታርቁ፣ በሕዝቡ ፊት ምስክር የሚሆኑ ሰዎች ሊመረጡ። እንደ ጡረተኛ ከኋላ ተቀመጥኩ። መድረኩ ላይ አሁንም አቶ ዳምጠው ነው። "የመጀመሪያው ሽማግሌያችን ማን እንደሚሆን መንገር አያስፈልገኝም፤ እንደ ጋሽ ተስፋዬ ያለ ንጹሕ ሰው ከየት እናመጣለን?" አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ጋሽ ተስፋዬ ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱ።

"አልሆንም" አሉ።

"ትሕትናቸው ነው" አለች ከፊቴ የተቀመጠች ሴት።

"ትሕትና አይደለም" አሉ፤ ሰምተዋታል። "ለምን እንደማልሆን ሰይድን ጠይቁት። እሱ ያን ቀን ነግሯችኋል።"

ቁጭ አሉ። ሰዉ ቀስ በቀስ ወደ እኔ ዞረ። የትኛው ቀን እንደሆነ ለማስታወስ የተቸገረ ሰው አላየሁም። ከፊቴ ያለችው ሴት መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ብድግ አልኩ፤ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ ግን ፈራሁ፤ ለእሳቸውም፣ ለራሴም፣ ለበሉትም ሁሉ።

"ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ" አለ አቶ ዳምጠው።

አለፉ። ስብሰባው ሲያልቅ ሰዎች በር ላይ ከበቡኝ። እጄን እየጨበጡ ስለ ጤናዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ዘሀራ ጠየቁኝ፤ መንቀጥቀጡ ተሻለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሌላ ነገር ማንም አልጠየቀኝም።